የሳንባ ካንሰር ታካሚ የሐኪሞች ቅደም ተከተል፦ ሥራው ያስተማረኝ

የሳንባ ካንሰር ለተጠረጠረበት ታካሚ ቀጠሮ ሳስተባብር መጀመሪያ የምደውለው ለሳንባ ሐኪሙ ነው። ቤተሰብ በቀጥታ ወደ ኦንኮሎጂስት (የካንሰር ሐኪም) መሄድ ይፈልጋል፤ እሱ ግን የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ሳይዝ መድኃኒት አይጀምርም፣ ቀጠሮውም በከንቱ ያልፋል።

ናሙና ከመወሰዱ በፊት የደረትና የላይኛው ሆድ ሲቲ ስካን ይነሳል። ፊልሙን ያየው ራዲዮሎጂስት ከየት መውሰድ እንደሚሻል ይጠቁማል። ጉበት ላይ ወይም አንገት ሥር የተሰራጨ የሚመስል ነገር ካለ፣ ከዚያ የተወሰደ ናሙና የካንሰሩን ዓይነትም ደረጃም ባንዴ ይነግረናል። መሃል ደረት ያሉ ሊምፍ ኖዶችን (ንፍፊቶችን) የሳንባ ሐኪሙ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ባለው ብሮንኮስኮፕ (በአየር ቧንቧ የሚገባ ቀጭን መመልከቻ ቱቦ) እያየ በመርፌ ይወስዳል። ጠርዝ ላይ ያለውን ዕጢ ራዲዮሎጂስቱ በሲቲ እየተመራ ይወጋል፤ አየር ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል ታካሚው ቶሎ አይሸኝም፣ ራጅ ይነሳል።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ናሙናው ላይ ነው። ናሙናው የሚቀመጥበት ማቆያ ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ በመጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት፤ ቆይታውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት። ከዚያ ካለፈ የዘረመል ምርመራው ሊበላሽ ይችላል። ከአጥንት የተወሰደ ከሆነ በአሲድ እንዳይለሰልስ አስቀድሜ ለላቦራቶሪው እነግራለሁ፤ አሲድ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል፣ ኢዲቲኤ በሚባለው ረጋ ያለ ማለስለሻ ይሻላል። መጠየቂያው ላይ ሁልጊዜ «ለዘረመል ምርመራ ይቆጠብ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህ ካልተጻፈ ፓቶሎጂስቱ ማቅለሚያ እየደራረበ ናሙናውን ይጨርሰዋል፤ ሁለቱን የሳንባ ካንሰር ዓይነቶች፣ አዴኖካርሲኖማን ከስኩዌመስ፣ ለመለየት ግን ብዙውን ጊዜ ቲቲኤፍ-1 እና ፒ40 የሚባሉት ማቅለሚያዎች ይበቃሉ። የተረፈው ለኢጂኤፍአርና ለኤኤልኬ (የካንሰሩ የዘረመል ለውጦች)፣ እንዲሁም ለፒዲ-ኤል1 (ካንሰሩ ላይ የሚፈለግ ፕሮቲን) ምርመራ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙና ኦንኮሎጂስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲወስኑ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ቀዶ ሐኪሙ የትንፋሽ ምርመራ ውጤት ሳያይ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሳንባው በአንድ ሰከንድ የሚያስወጣው አየርና ኦክስጅን ወደ ደም የማሻገር አቅሙ አስቀድሞ ይለካል። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ታካሚው ቀዶ ሕክምና የማይችል ከሆነ፣ የጨረር ሐኪሙ ባነጣጠረ ከፍተኛ ጨረር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑ ክፍለ ጊዜያት ሊያክመው ይችላል። ቀዶ ሕክምና የማይደረግለት ደረጃ 3 ላይ የተለመደው 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ30 የሕክምና ቀናት ተከፋፍሎ፣ ከኬሞቴራፒ ጋር ጎን ለጎን ነው። ሁለቱ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ቀን ካልተነጋገሩበት አንዱ ቀድሞ ይጀምርና ጥቅሙ ይቀንሳል።

አዴኖካርሲኖማ ላይ የዘረመል ውጤት ሳይመጣ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና) መጀመር አደገኛ ነው። ኋላ የኢጂኤፍአር ለውጥ ቢገኝና ለእሱ የሚሰጠው መድኃኒት ኦሲመርቲኒብ ቢከተል ከባድ የሳንባ ብግነት ሊያስነሳ ይችላል። ትንሽ ሕዋስ የሚባለው ዓይነት ግን በፍጥነት ስለሚሰራጭ የዘረመል ውጤት ይጠበቅ ብሎ ማዘግየት አይገባም።

የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም ካንሰሩ ተሰራጭቶ ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ ይገባል። ለትንፋሽ ማጠር አነስተኛ ሞርፊን የሚያዘው፣ ከሞርፊኑ ጋርም የሆድ ድርቀት መከላከያውን አብሮ የሚሰጠው እሱ ነው።