ደቻቱ ዳር፣ ሐምሌ 29

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሯል። የአውቶቡሱ መስታወት በላብ ተሸፍኗል። ድሬዳዋ ጉዳይ የለኝም። ዘመድም የለኝም። የሐምሌ 29ን ሌሊት ደቻቱ ወንዝ ዳር ለማደር ነው የምሄደው።

በ1998 ልጅ ነበርኩ። ሬዲዮው ጎርፍ ሌሊት ድሬዳዋ ገብቶ ሰው ጨረሰ ሲል እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ቆማ ስትሰማ ቡናው አረረ። ቀኑን ሙሉ «ተኝተው እኮ ነው! ተኝተው እኮ ነው!» እያለች ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ድምፅዋ ይመጣብኛል። ዘንድሮ ቦታውን በዓይኔ ልየው ብዬ ተነሣሁ።

በአዲሱ መንገድ የሚሄዱ መኪኖች አሉ። እኔ ግን በጭሮና በቁልቢ በኩል የሚያልፈውን መረጥኩ። ውኃው የወረደበትን ተራራ ማየት ነበረብኛ።

አጠገቤ የተቀመጡት አንድ አባት ናቸው። ዕድሜያቸው 70 ያልፋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ጭሮ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚሄዱት። አገራቸው ወሎ ነው፤ ከከሚሴ ወዲያ።

«አባባ፣ መስኮቱን ልዝጋው?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ነፋሱ ደስ ይለኛል።»

መተሃራ ስንደርስ ነግቷል። መንገዱ ዳር የተዘረገፈው ጥቁር ድንጋይ የፈንታሌ ተራራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የተፋው ነው። ዛሬም ትናንት የቀዘቀዘ ነው የሚመስለው። ከጎኑ የበሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ውኃው የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የድሮውን የባቡር ሐዲድና መንገዱን ሳይቀር ከቦታቸው አስነሥቷል። ማንንም በአንድ ሌሊት አልገደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው አደጋ ብሎ አይጠራውም። በሬዎቹን ያሰማራበት ሜዳ ሐይቅ የሆነበት አርብቶ አደር ግን ምን ይለዋል?

ከመስከረም 2017 ጀምሮ ይኼ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከረመ። የታኅሣሡንማ እኔም አልረሳውም። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሊነጋጋ ሲል አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ቁም ሣጥኑ ተንቋቋ። ጎረቤት ሁሉ በቢጃማ ደረጃ ላይ ተገናኘን። አዲስ አበባ እንዲህ ከሆነች አዋሽ ፈንታሌና ሳቡሬ ያለው ሰው ምን ይሁን? ቤት ፈረሰ፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። የሰው ሕይወት ግን እንደ ነውጡ ብዛት አልጠፋም። ሕዝቡ ቀድሞ ስለወጣ ነው።

አባባን ስለዚህ ሳጫውታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼማ ምን አላት። የካራቆሬው ነበር እንጂ።»

በ1953 ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከብቶቹ ቀድመው ጮሁ አሉኝ። ከዚያ መሬቱ እንደ በቅሎ ዘለለ። ማጀቴ የምትባለው ከተማ በዚያ ነውጥ ፈርሳለች። ካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ ላይ ቋጥኝ ተናደ። ለሳምንታት መሬቱ አልረጋም፤ እሳቸውም ከቤተሰቡ ጋር ደጅ እያደሩ ከረሙ። ያኔ መጥቶ ምን ሆናችሁ የሚል እንዳልነበረም ነገሩኝ።

አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ዝም ብለው ቆዩ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ 77ቱ ረሃብ ጀመሩ።

«መጀመሪያ በሬውን ሸጥኩ። ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋ አላወጣም። ቀጥሎ ላሟን። ከዚያ ዘሩ ቀረ። ዘሩን የበላን ለታ አለቀልን። ሰው ዘሩን ከበላ በኋላ ቤቱ ምን ይሠራል? መንገድ ነው።»

«ልጆች ነበሩዎት?»

«ሁለት ነበሩኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጭሮ ያለው ልጃቸው ከዚያ በኋላ የተወለደ ነው።

የዚያ ዘመን የሟች ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ፤ አሁን ግን ከእኚህ ሰው ጎን ተቀምጬ ሳስበው ዘገነነኝ። በትንሹና በትልቁ ግምት መካከል ያለው ልዩነት ራሱ 600 ሺህ ሰው ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ሞተ ወይስ ተረፈ ተብሎ በግምት ይታለፋል። የ1966ቱም እንደዚሁ ነው፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይባላል። አባባ ቁጥሩን ስነግራቸው «እኔ የማውቀው የቀበርኩትን ነው» አሉ።

የ77ቱ ድርቅ እንደሚነገረው ድንገት ዱብ ያለ አልነበረም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መጋቢት 1976 ላይ ለለጋሾች ጥሪ አቅርቧል። ዓለም በረሃብተኛ የተሞላውን የኮረም ሜዳ በቢቢሲ ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። በመካከሉ 7 ወር አለ። አንድ ክረምት ሙሉ አለ። አዲስ አበባ ደግሞ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ትኳኳል ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። በ2008 ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ዕርዳታ ጠባቂ አድርጎ ነበር። ያም ከባድ ድርቅ ነው። ነገር ግን እንደ 77 ሕዝብ አልረገፈም፤ እህሉ ሰው ቤቱን ጥሎ ሳይወጣ ስለደረሰ።

የአባባ አያት ደግሞ የክፉ ቀን ሰው ነበሩ። በ1880 ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከ10 ከብት 9ኙ አለቀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ዝናቡም ቀረ፣ አንበጣውም መጣ። እስከ 1884 በቆየው በዚያ ዘመን የአገሩ ሕዝብ ሲሶ እንዳለቀ ይገመታል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ ይነገራል። አባባ ይህን ሲያወሩ ትናንት ያዩት ነው የሚመስሉት። አያታቸው እስኪሞቱ ድረስ ማዕድ ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ለቅመው ይስሙ ነበር።

ጭሮ ወረዱ። ልጃቸው ጃንጥላ ይዞ ይጠብቃቸዋል። «በል ልጄ፣ ደህና ግባ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝና ሄዱ።

ከጭሮ ወዲያ ሰማዩ ተዘጋ። ሂርና፣ ቁልቢ፣ ቀርሳ። ጫቱ በእርከን ላይ ወዝቷል። እርከን በሌለበት ግን ተራራው የተላጨ ራስ ይመስላል፤ ዝናቡ ሲነካው ቀይ ውኃ እየሆነ በየስንጥቁ ይወርዳል። ደንገጎ ላይ ጉም ውስጥ ገባን። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ፤ ጥምዝ በጥምዝ፣ 1 ሺህ ሜትር ያህል በአጭር ርቀት ይወረዳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሹራቤን አወለቅኩ። ድሬዳዋ ፀሐይ ነበር። ዞሬ ደንገጎን ሳየው በጥቁር ደመና ተሸፍኗል።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው። እዚህ ያለ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ አይቶ ቢተኛ አይፈረድበትም። ዝናቡ ሌላ ቦታ ይዘንባል፤ ውኃው ግን እሱ ቤት ይመጣል።

በማግስቱ ደቻቱ ወረድኩ። ወንዝ ነው ሲሉኝ ውኃ ፈልጌ ነበር። አሸዋ ብቻ ነው። የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር የሚለይ ሰፊ የአሸዋ ጎዳና። ልጆች ድንጋይ ተክለው ኳስ ይጫወታሉ። ወንዶች አሸዋ በአካፋ እየዛቁ መኪና ላይ ይጭናሉ። የቆፈሩት ጉድጓድ ጋ ቆሜ ግድግዳውን አየሁት። ንብርብር ነው። ከላይ ደቃቅ አሸዋ፣ ከሥሩ የጡጫ ያህል ጠጠር፣ ከሥሩ የደረቀ ጭቃ፣ እንደገና አሸዋ። አንዱ ንብርብር ከክንዴ ይወፍራል። እያንዳንዱ የመጣበት ሌሊት አለው። ጭቃው ውስጥ የሕፃን ነጠላ ጫማ ማሰሪያ፣ ሰማያዊ፣ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አካፋ የያዘው ልጅ አየኝና እሱም ቆም ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ድልድዩ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ እናት አሉ። ወንበር ሰጡኝ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ትንሽ አዩኝና ብርጭቆዬን ሞሉት።

«ባቡር መስሎኝ ነበር» አሉ። «በእንቅልፍ ልቤ፣ በዚህ ሌሊት ምን ባቡር ይመጣል እላለሁ። ድምፁ ይቀርባል። ሐዲዱ ግን በዚህ በኩል አይደለም እኮ። ያኔ ነቃሁ። እግሬን ሳወርድ ውኃ ነው። በሩን ብገፋ አይከፈትም፤ ውኃው ከውጭ ይዞታል። ባሌ ቆርቆሮውን በጭንቅላቱም በእጁም መታው፣ ቀደደው። ጣሪያ ላይ ወጣን። ጎረቤቴ ስሜን ትጠራለች። ጨለማ ነው፣ አላያትም። ጠራችኝ፣ ጠራችኝ፣ ከዚያ ተወች።»

እጃቸው ላይ ያለውን ማንኪያ በፎጣው ደጋግመው አበሱት።

በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆኗል። ሲነጋ ብዙው ሬሳ የተገኘው ከአሸዋ ውስጥ እየተቆፈረ ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ደቡብ ኦሞ ላይ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ክረምት ለኢትዮጵያ ጥቁር ነበር።

«የጎፋውን ሰማህ አይደል?» አሉኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መሬት ተንዶ ቤቶች ተቀበሩ። ሰው ጎረቤቱን ሊያወጣ ሮጠ። ሲቆፍሩ ሌላው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የሮጡት ናቸው። «ቴሌቪዥን ላይ በእጃቸው ሲቆፍሩ አይቼ እኛን አየሁ» አሉ። «እኛም በእጃችን ነበር።»

ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ የሽቦና የድንጋይ መከላከያም አለ። ከላይ ተራራው ላይ እርከን ተሠርቷል። ያም ሆኖ ሚያዝያ 2012 እንደገና ጎርፍ መጥቶ ሰው ገድሏል። እሳቸው የሚተማመኑት በስልካቸው ነው። የእህታቸው ልጅ ደንገጎ አካባቢ ይኖራል። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይደውላል። ከእሳቸው ወደ 6 ቤት ይደወላል፤ ከ6ቱ ወደ ሌሎቹ። ማንም አላደራጃቸውም። በ1998 ይህ ስልክ ቢኖር ኖሮ ብዬ ሳስብ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

የሐምሌ 29 ማታ ሱቃቸውን ሳይዘጉ አመሹ። እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከዋክብት በግልጽ ይታያሉ። ጠብታ የለም። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ገብተዋል። ደንገጎ ላይ ብቻ መብረቅ ያለ ድምፅ ይበራል፣ ይጠፋል።

ከምሽቱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ስልኩ ጮኸ። «እሺ... ብዙ ነው?... እሺ ልጄ» አሉና ዘጉት። ምንም ሳይሉ ሌላ ቁጥር ደወሉ። ከዚያ ሌላ። ብርጭቆዎቹን ቅርጫት ውስጥ ከተቱ። ወንበሮቹን እኔ ተሸክሜ ወደ ላይኛው መንገድ አወጣሁ። ከየቤቱ ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ አንዱ ፍራሽ ይዟል፣ አንዷ የተኛ ሕፃን። የሚጮኽ የለም። ሁሉም የሚቆምበትን ቦታ ያውቃል።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የእርጥብ አፈር። ቀጥሎ ድምፁ፣ ጠጠር በጆንያ እንደሚጎተት። የእጅ ባትሪ አበሩበት። ቡናማ ምላስ የመሰለ ውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጭራሮ እየገፋ በአሸዋው ላይ መጣ። የኳሱን ጎል ድንጋዮች ከበባቸው። ቁርጭምጭሚት ደረሰ፣ ጉልበት ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ።

እናት ስልካቸውን አወጡ።

«ደርሷል ልጄ። ትንሽ ነው። በል አንተም ተኛ።»