አባባ፣ እግርዎን ዘና ያድርጉት

ዛሬ አባቴን ለስኳር ክትትል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ ስታደርገው እግሩ ተፈናጠረ። "እኔ እኮ አላዘዝኩትም!" አለ ተገርሞ።

እውነቱን ነው። ጅማቱ ሲመታ የጭኑ ጡንቻ ይለጠጣል፤ መልእክቱ በነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ይሮጣል፤ ትእዛዙም ከዚያው ወደ ጡንቻው ይመለሳል። አንጎል የሚሰማው እግሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ምን ዓይነት ጥበብ ነው!

ከተረከዙ በላይ ስትመታው ግን ምንም። ደገመች፤ አሁንም ምንም። ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ስለሚጎዳ ችግሩ ከእግር እንደሚጀምር ነገረችን። አባቴ ግን አንድም ቀን እግሬን አመመኝ ብሎ አያውቅም።

ስኳር ያለበት ወላጅ ያላችሁ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ካልሲ አስወልቃችሁ እግራቸውን አሳዩላቸው።