ኮፒ ቤት የሞላበት ከተማ

ሴኡል በገባሁ በሦስተኛው ቀን ፊደል ቆጠርኩ። ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ የኮሪያው ፊደል ሃንጉል በእርግጥም ቀላል ነው። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 በአዋጅ ሲያወጡት፣ ተራው ሰው ሳይቸገር እንዲማረው ብለው ነው። ዛሬ መሠረታዊ ፊደላቱ 24 ናቸው። ደግሞ እንደ ላቲኑ ጎን ለጎን አይደረደሩም። ተነባቢና አናባቢው በአንድ ሳጥን ይጠቀለልና እንደኛው ፊደል አንድ ድምፅ ይሆናል። ሀሁን እስከ ፐ የወጣ ሰው አይደነግጥም።

ማንበብ ግን ሌላ፣ መረዳት ሌላ። ከአውቶቡስ መስኮት የማነባት የመጀመሪያዋ ቃል «ኮፒ» ሆነች። ትንሽ እልፍ ስንል ደግሞ «ኮፒ»። ከመንገዱ ማዶም «ኮፒ»። እንዴት ነው እዚህ አገር ሰው ሁሉ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳው? ለጓደኛዬ ስነግረው በሳቅ ሊፈነዳ። ለካ ኮሪያኛ «ፈ» የሚባል ድምፅ የለውም፤ በ«ፐ» ይተኩታል። ኮፒ ማለት ቡና ነው!

ሁለተኛው ሽወዳ «ኢምዴ» ነው። በየሰፈሩ በየመስታወቱ በትልቁ ተጽፎ ሳይ፣ ከተማውን የያዘ ሀብታም ድርጅት መሰለኝ። «ይከራያል» ማለት ነው አሉኝ።

የሴኡል ሕንፃ ፊቱ አይታይም። ከምድር ቤት እስከ ላይ በሰሌዳ ተሸፍኗል። ታች መድኃኒት ቤት አለ፤ «ያክ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ትበቃዋለች። ከላዩ ጥርስ ሐኪም፣ ከዚያ የልጆች ማስጠኛ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍል ተከራይተው የሚዘፍኑበት ኖሬባንግ። ምግብ ቤቶቹ ጋ ስትደርሱ ጠቡ ይጀመራል። አንዱ «ዎንጆ» ብሎ ይለጥፋል፣ ምግቡን መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ ለማለት። ጎረቤቱ «እውነተኛው ዎንጆ» ይላል። ሦስተኛዋ ምግብ ቤት የባለቤቷን፣ የአንዲት አያትን፣ ፎቶ ሰቅላ ዝም። እኔ አያትየዋ ጋ ገባሁ።

ከሰሌዳው ሁሉ የወደድኩት ግን የመንገድ ስም የተጻፈበትን ሰማያዊውን ነው። ሰፊው ጎዳና «ዴሮ»፣ መካከለኛው «ሮ»፣ ጠባቡ «ጊል» ይባላል። የቤት ቁጥሩ ከመንገዱ መነሻ ይጀምራል፤ በግራ ጎዶሎ፣ በቀኝ ሙሉ ቁጥር። በየ20 ሜትሩ በሁለት ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥሩን በ10 ስታባዙት ርቀቱ በሜትር ይመጣል። ቁጥር 30 ማለት 300 ሜትር ግድም ነው። «ከቀዩ በር አለፍ ብለህ ሱቋ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» እየተባልኩ ላደግኩት ለእኔ ይሄ ተአምር ነው። እነሱም ቢሆኑ ይህን አሠራር ሙሉ በሙሉ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከማደሪያዬ መስኮት ስመለከት በየጣሪያው ላይ ቀይ የኒዮን መስቀል ይበራል። ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። አንድ ምሽት ዘጠኝ ቆጠርኩ። እጄ ለማማተብ ተነሳ፣ ግን ለየትኛው?

የሄድኩት በክረምታቸው፣ በጥር ነው። ወጣቱ ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር የታጨቀ ካፖርት ለብሷል። ከሩቅ ሲታዩ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው የወጡ ነው የሚመስሉት። በእጃቸው ግን በረዶ የሚንቀጫቀጭበት አሜሪካኖ። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ! ጥንዶች አንድ ዓይነት ሹራብ፣ አንድ ዓይነት ጫማ ያደርጋሉ። አንድ ጠዋት በ2 ቁጥር ባቡር ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ ግንባሯ ላይ ቢጎዲን ጠቅልላለች። ኩሏን ተኩላለች፣ ካፖርቷ የተተኮሰ ነው፣ ቢጎዲኑ ግን እዚያው። ረስታው ነው ብዬ ተጨነቅኩላት። ሆንግዴ ጣቢያ ልንደርስ ስንል ፈታችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ፀጉሯን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ወረደች። ከእኔ በቀር ቀና ብሎ ያያት የለም።

በመጨረሻው ሳምንት በባቡር ቹንቾን ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ለኮሪያ ጦርነት ዘምቶ የደረሰው የኛው የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ እዚያ ነው፤ ጣሪያው የጎጆ ቅርጽ አለው። መንገዱ ዳር ያችው ሰማያዊ ሰሌዳ ቆማለች። እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል አነበብኳት። ኢ፣ ዲ፣ ኦ፣ ፒ፣ ኣ፣ ጊል። ደግሜ አነበብኩ። የኢትዮጵያ መንገድ!

ጃንሆይ በጎበኙበት እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው ቡና ቤት እዚያው ነው፤ ቁጥር 7። በሂሳቡ 70 ሜትር። እየቆጠርኩ ተራምጄ ገባሁ። አስተናጋጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በሙቅ ይሁን በበረዶ?» ብሎ ነው።

«በሙቅ» አልኩት፣ ሳይጨርስ።