ዶሮዎቹ ገብተዋል?

ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር አያቴ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ምርኩዛቸውን ይይዛሉ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይመላለሳሉ፣ ከዚያም «መሸብኝ እኮ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ይህን የሚሉት በገዛ ቤታቸው፣ ልጆቻቸውን ወልደው ባሳደጉበት ክፍል ውስጥ ቆመው ነው። በመርሳት ሕመም የተያዙ ብዙ ሰዎች አመሻሽ ላይ እንዲህ እንደሚረበሹ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሰውነት ቀንና ሌሊትን የሚለይበት ሥርዓት መዛባት፣ ሲጠራቀም የዋለ ድካም፣ የብርሃኑ መደብዘዝና የጥላው መርዘም ተደራርበው የሚያመጡት ነገር ነው። እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሙግት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። «እማማ፣ ይኸው ቤትዎ፣ ይኸው አልጋዎ» እያልሁ ማስረጃ እደረድር ነበር፤ እሳቸውም ማስረጃዬ በበዛ ቁጥር ያለ ጥፋቱ እንደታሰረ ሰው በሩን ይነቀንቁት ነበር።

ዶሮዎቹን ያመጣኋቸው ለሕመሙ መላ ይሆናሉ ብዬ አይደለም። ስድስት ቄቦች ነበሩ፤ የፈለግሁትም እንቁላላቸውን ብቻ ነበር። አንድ ምሽት የዶሮ ቤቱን ሳልዘጋ መቅረቴ ትዝ ሲለኝ፣ አያቴን ብቻቸውን ትቼ መውጣት ስላልደፈርሁ ክንዳቸውን ይዤ አብረን ወጣን። ዶሮ በጨለማ ደኅና አድርጋ ማየት ስለማትችል ገና ብርሃን ሳለ፣ ማንም ሳይጠራት ወደ ቆጧ ትመለሳለች፤ እኛ ስንደርስም ተራ በተራ እየገቡ ነበር። አያቴ ቆም ብለው በምርኩዛቸው ጫፍ እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ። የመጨረሻዋ ስትገባ መዝጊያውን ገፋ አድርገው ራሳቸው ቀረቀሩትና «በይ እንግባ፣ በረደ» አሉኝ። የምንገባው ወደ ማን ቤት እንደሆነ አልጠየቁም።

ከዚያ ቀን በኋላ የማምሻው ጥያቄ ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ። «ወደ ቤቴ ልሂድ» ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በምትኩ «ዶሮዎቹ ገብተዋል?» የሚለው መጣ። ይህኛውን ጥያቄ ደግሞ በሥራ መመለስ ይቻላል፤ ተነሥቶ መሄድ፣ መቁጠር፣ መቀርቀር። ቀድሞም ቢሆን ይፈልጉ የነበረው አድራሻ ሳይሆን፣ ሲመሽ መሰብሰብ ያለበት ሁሉ መሰብሰቡን ማረጋገጥ ይመስለኛል። አርባና ሃምሳ ዓመት ቤት ያስተዳደረ ሰው በዚያ ሰዓት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም ነበርና።

ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች ውጤት ነው፤ ከእነዚህም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። የአያቴም እርሱ ነው። የቅርብ ጊዜ ትዝታን ለማኖር የሚያስፈልገው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ሲሆን፣ እጅ በብዙ ድግግሞሽ የለመደው ሥራ ግን በሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህን በወረቀት ከማንበቤ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሹራባቸውን ቁልፍ መቆለፍ የተሳናቸው እነዚያ ጣቶች ዶሮ ሲይዙ ሌላ ጣቶች ይሆናሉ። ግራ እጃቸውን ከደረቷ ሥር ያስገባሉ፣ ሁለቱን እግሮቿን በጣቶቻቸው መካከል ይይዛሉ፣ ክንፎቿን በክንዳቸው ወደ ጎናቸው ሸጎጥ ያደርጋሉ፤ ዶሮዋም ትንፍሽ ሳትል ትረጋለች። እኔ ስይዛት ግቢውን በጩኸት የምታናውጠው ያቺው ዶሮ ናት። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣታቸው ከአንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ይዳብሳሉ። አንድ ጠዋት እንዲህ አድርገው አንዷን ከዳበሱ በኋላ «ይቺ የትናንቱ አልወረደላትም» አሉ። ያ ከረጢት ማታ ሞልቶ ማደሩ ደግ ነው፤ ጠዋት ግን ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። እኔም ዳበስሁት፤ እንደ ኳስ ጠጥሯል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጃት ተጠላልፎ የቀረ ረጅም ሣር ወጣላት። ዶሮዋን ይዤ ስመለስ አያቴ «ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

መመገቡ በመጀመሪያ ችግር ነበር። መስጠታቸውን ስለሚረሱ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሰጧቸው ነበር፤ ዶሮ ደግሞ «ቅድም ሰጥተሽኛል» አትልም፤ ሁልጊዜም ገና እንዳልቀመሰች ሆና ትሮጣለች። ጠባቂዋን የማታርም ፍጡር መሆኗ አያቴን እንደሚያስደስታቸው ስለገባኝ መከልከሉን ትቼ መጠኑን መቆጣጠር ጀመርሁ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ያህል መኖ ይበቃታል፤ ስለዚህ ለስድስቱ ወደ 700 ግራም የሚጠጋውን ጠዋት መዝኜ በአንድ ጣሳ አስቀምጥና ጎተራውን እቆልፋለሁ። ጣሳው የአያቴ ነው። በአንድ ጊዜ ይድፉት፣ በአሥር ጊዜ ይበትኑት፣ ማንም አይናገራቸውም።

ከሁሉ የከበደኝ ዶሮዎቹ ላባቸውን የጣሉበት ወቅት ነው። ቀኑ ሲያጥርና አሮጌው ላባ በአዲስ ሲተካ ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች፤ ያለ ማቋረጥ እንድትጥል በቀን ከ14 ሰዓት የማያንስ ብርሃን ያስፈልጋታል። ይህን ለአያቴ አስረዳሁ፤ እሳቸውም ሰምተው «እሺ» አሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንቁላሉን የሰረቅሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ዕቃ ሲጠፋ ሌባ መፈለግ የዚህ ሕመም ጠባይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን በልጅነቴ ባሳደጉኝ ሰው አፍ «አንቺ ሌባ» መባሉን አላቀለለልኝም። በመጨረሻ አንድ እንቁላል ቀቅዬ እንቁላል ከሚጥሉበት ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። አግኝተውት ደስ እያላቸው ይዘው ገቡ። እሳቸው ሲተኙ መልሼ አኖርሁት። ሳምንት ሙሉ ያንኑ አንድ እንቁላል ሰበሰብን፤ በስምንተኛው ቀን በአዲስ ተካሁት።

ማታለል ነው የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። በቀን አንድ ሰዓት እንኳ አብረዋቸው ስለማይውሉ ብዙ አልከራከራቸውም።

አንዷ ስትታቀፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እንቁላል የሚፈለፈለው ከታቀፈበት ቀን አንሥቶ በ21ኛው ቀን ገደማ ነው። ከጎረቤት አውራ ዶሮ ካለው ቤት ስምንት እንቁላል አምጥቼ አስታቀፍኋት፤ አያቴም በየግቢው ጥጋት ያገኙትን ሁሉ እየጨመሩላት አሥራ አራት አደረሱት። ቀኑ የተለያየ እንቁላል አንድ ላይ ከታቀፈ፣ ዶሮዋ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ሌላውን ትታ ትነሣለች። ስምንቱን ቀድሜ በእርሳስ ምልክት ባላደርግባቸው ኖሮ መለየት አልችልም ነበር። ከዚያ በኋላ በየማታው ምልክት የሌለውን እያወጣሁ በየጠዋቱ ሲጨመር እያየሁ 21 ቀን ቆጠርን። አምስት ጫጩቶች ወጡ። አያቴ አንዷን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ጉንጫቸው ላይ አስጠጓት፤ እኔም የመጣብኝን «ተዪ እማማ!» ዋጥ አድርጌ ሳሙናና ውኃ ለማምጣት ሄድሁ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሆነች ጫጩት ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርባት ይችላል፤ አረጋዊ ሰው ሲይዘው ደግሞ ይጠናበታል። አያቴ እንቁላል በኪሳቸው ይዘው ይገባሉ፤ አንድ ጊዜም ከትራሳቸው ሥር የተሰበረ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ከግቢ በገባን ቁጥር አብረን እንታጠባለን፤ «ታጠቢ» ብዬ ሳላዛቸው እኔ መታጠብ ስጀምር እጃቸውን ከእጄ አጠገብ ያስገባሉ። የግቢው ጫማ ደጅ ያድራል። የውኃው ገንዳ ከመተላለፊያው ላይ ተነሥቷል፤ መውደቅን ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁና።

ዶሮዎቹ የማያግዙበትም ቀን አለ። አንድ ሰሞን አያቴ በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽሞ ተለወጡ፤ የሌለ ሰው ያናግራሉ፣ ቀን ይተኛሉ፣ የዶሮዎቹን ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። መጀመሪያ ያየን ባለሙያ «ዕድሜ ነው» ብሎ መለሰን። በማግሥቱ ሌላ ቦታ ሲመረመሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ በመድኃኒት ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። አልዛይመር በወራትና በዓመታት እንጂ በሁለት ቀን እንዲህ አይጥልም። ድንገት የመጣ ለውጥ ሌላ ምክንያት እንዳለው አስበው የሚመረምር ሰው ይፈልጉ።

ባለፈው ጊዜ ከስድስቱ አንዷ፣ ያቺው እህሉ ያልወረደላት፣ ሞተች። ለአያቴ ነገርኋቸው፤ አለቀሱ። በማግሥቱ «ጥቁሯ የት ሄደች?» አሉ፤ ነገርኋቸው፤ እንደ አዲስ አለቀሱ። ሦስተኛ ጊዜ አልነገርኋቸውም።

አሁን እስከ ዶሮ ቤቱ መሄድ ይደክማቸዋል። ሲመሽ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጋለሁ፤ መብራት ይዤ እወጣና እሳቸው እንዲያዩኝ ከዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ። ጫጩቶቹ ካደጉ ወዲህ ቁጥሩ ተለውጧል፤ አያቴ የሚያውቁት ግን ስድስትን ነው። ስመለስ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

«ገብተዋል?»

«ሁሉም ገብተዋል እማማ።»

«ስድስቱም?»

«ሁሉም።»

«ቀርቅረሽዋል?»

መቀርቀሬን ነግሬያቸው መጋረጃውን እዘጋለሁ።