የምሽት 1 ሰዓት ቁልፍ

ሥራዬን ለሚጠይቁኝ «ለፌስቲቫል ፊልም እመርጣለሁ» እላለሁ። «ታድለሽ! ቁጭ ብሎ ፊልም ማየት!» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ለዘመድ የምትናገረው «ሲኒማ ቤት ናት» ብላ ነው፤ ትኬት የምቆርጥ ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት በእርግጥም ቆርጫለሁ።

ፌስቲቫሉን ስንጀምር አራት ነበርን፤ ስብሰባችን ፒያሳ አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ነበር። (ካፌዋ ዛሬ የለችም፤ በ2016 ዓ.ም. ያ ሰፈር ሲፈርስ አብራ ሄዳለች።) ገንዘብ አልነበረንም፤ የነበረን ቁጭት ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ ከተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ሲወስድ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ማግስቱን ግን አንዱ ጓደኛችን «ለመሆኑ እኛ የሌሎቹን አፍሪካውያን ፊልም አይተን እናውቃለን?» አለ። ዝም አልን። ፌስፓኮ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የቱኒዚያው የካርቴጅ ፌስቲቫል ደግሞ በ1966። እኔ ግን የአፍሪካ ኅብረት በተቀመጠባት ከተማ ተወልጄ አድጌ የሴኔጋል ፊልም በትልቅ መጋረጃ ያየሁት ባሕር ማዶ ሄጄ ነው።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤው፣ ስለ ስፖንሰሩ፣ «ነገ ተመለሺ» ስለተባልኩባቸው ቢሮዎች አልጽፍም፤ እዚህ ከተማ ማንኛውንም ነገር የሞከረ ሰው ያውቀዋል። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አንድን ፊልም ለማሳየት ባለመብቱ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዩሮ ይጠይቃል። ብሩ በእጃችን እያለ ዩሮው ባንክ ውስጥ ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ በየዓመቱ ከምጽፋቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ልመና ናቸው፤ ልመና ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ በመለማመድ ይሻሻላል።

ፕሮግራም ማውጣት ጥሩውን ከመጥፎው መለየት የሚመስላቸው አሉ። ያ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የትኛው ፊልም ከየትኛው ቀጥሎ፣ በየትኛው ሰዓት ይታይ የሚለው ነው። ለቅሶ ያለበትን ከለቅሶ አታስከትሉም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ ፊልም ማታ ብታስገቡ፣ ተመልካቹ ከመጋረጃው ይልቅ አራት ኪሎ የሚጠብቀውን የታክሲ ሰልፍ ማሰብ ይጀምራል። ከመጨረሻው ሩብ ሰዓት በፊት ወንበሮች መንኳኳት ሲጀምሩ ፊልሙ ሰልችቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሳሪስና ጀሞ የሚገቡት ናቸው።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። የዲጂታል ሲኒማ ፊልም በሃርድ ዲስክ ይመጣል፤ ፋይሉ ግን የተቆለፈ ነው። መክፈቻው ለብቻው በኢሜይል ይላካል፤ የሚሠራውም ለአንድ ማጫወቻ፣ በተወሰነለት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ማጫወቻውን በውሰት አገኘን። አከፋፋዩ «መቼ ነው የምታሳዩት?» ሲለኝ «ሐሙስ፣ 1 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ምሽት 1 ሰዓት ማለቴ ነበር። እሱ ደግሞ በራሱ አቆጣጠር የቀኑን 1 ሰዓት፣ ማለትም የእኛን 7 ሰዓት ያዘ። ጥንቁቅ ሰው ስለነበር ቁልፉን ለአራት ሰዓታት ብቻ ከፈተልን። ሕዝቡ ሲገባ ቁልፉ ከሞተ ሁለት ሰዓት አልፎታል።

ስልክ አይነሳም። አዳራሹ ሙሉ ነው። ከፊት ረድፍ አንድ አዛውንት ጮክ ብለው «ድሮ ሲኒማ የሰይጣን ቤት ሲባል ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወጣት አየሁ። ከሳምንት በፊት አጭር ፊልሙን አልተቀበልኩትም ነበር። ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው። ጠጋ ብዬ «ፊልምህ አለ?» አልኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ፍላሹን ከኪሱ የሚለይ ፊልም ሠሪ አላጋጠመኝም። አወጣው።

ፊልሙ 17 ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ ገንዘብ ሊበደር አያቱ ቤት ይሄዳል፤ አያትየዋ ሳይበላ ወሬ አይጀመርም ብለው ያበሉታል። እሱ አፉን ሊከፍት ሲል እንጀራ ይጨምራሉ። ሊናገር ሲል «ቅመስ» ይላሉ። ይህን ሌሊት፣ ብቻዬን፣ በላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ አይቼው ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «የአያትየዋ ትዕይንት ረዝሟል፤ ይቆረጥ» የሚል ነበር። ያን ምሽት በሁለተኛው «ቅመስ» አዳራሹ ፈገግ አለ፤ በአራተኛው አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቁ ነበር። በስድስተኛው ማንም አልሳቀም። ልጁ ለመለመን እንዳፈረ፣ አያትየዋም የመጣበትን ጉዳይ ገና ከበሩ እንደገባ እንዳወቁ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ገባው። እኔም የገባኝ ያኔ ነው።

ፊልሙ ግሩም ነበር ለማለት አይደለም። ድምፁ ይቆራረጣል፤ መጨረሻው ዛሬም ብትጠይቁኝ ደካማ ነው፤ ለፊልም ሠሪውም ይህንኑ ደግሜ ነግሬዋለሁ። ቆርጠህ ጣል ያልኩት ግን ዋናውን ሥጋውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለወጥኩ። ለውጭ ሰው ሰዓት ስጽፍ 19:00 ብዬ እጽፋለሁ። ብቻዬን አይቼ የጣልኩትን ፊልም ደግሞ የመጨረሻውን «አይሆንም» ከመላኬ በፊት ከሰው ጋር አየዋለሁ። ሁልጊዜ ፊልም የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ ባይገኝም ይሻላል። የቤት አከራዬ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሃምሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፤ እሑድ እሑድ ቡና ሲያፈሉ ላፕቶፔን ይዤ እወርዳለሁ።

ባለፈው እሑድ ከስደት ስለተመለሰ ወጣት የተሠራ ፊልም ከፈትኩላቸው። ቀረጻው ንጹሕ ነው፤ ሙዚቃው ልክ ነው፤ እኔ በልቤ አስገብቼዋለሁ። እማማ ሁለተኛውን እየቀዱ፣ ዓይናቸውን ከጀበናው ሳያነሱ፦

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰውዬ ቤቱ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?»

«በፊልሙ አንድ ሳምንት ሆኖታል፣ እማማ።»

«ታዲያ እናቱን መቼ ነው የሚያናግራት?»

ፊልሙን አቆምኩና ወደ ኋላ መለስኩት።