ዶሮ ማረድ ያቃተው የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኛ

ፋሲካ ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነው። ሱሉልታ መግቢያ ላይ ካለ ሥጋ ቤት ከአብሮ አደጎቼ ጋር ተቀምጠናል። ኪሎው ቀርቧል፤ ግማሹ ብርንዶ፣ ግማሹ ሻኛ። አዋዜው አለ፣ ሚጥሚጣው አለ፣ ቢላዋው በየሰው እጅ ነው። እኔ ሽሮ አዘዝኩ።

በበዓለ ሃምሳ ሽሮ! አስተናጋጇ በደንብ ያልሰማች መስሏት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ጓደኞቼማ ምርመራ ጀመሩ። አንዱ «ሐኪም ከለከለህ?» አለ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ?» አለኝ። ሦስተኛው ሁሉንም አስቆማቸው፦ «ተዉት፤ የሠራው ዶሮ ፋብሪካ አይደል፣ እዚያ ሥጋ በየቀኑ እየበላ ሰልችቶት ነው።» ቀጥሎም ከልቡ «ለመሆኑ ለሠራተኛ በሳምንት ስንት ዶሮ ይሰጡ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሳቅኩና ዝም አልኩ። አሁን ግን ነገ ማታ በረራ ስላለኝ፣ የእንጦጦም ብርድ እንቅልፍ ስለከለከለኝ፣ ያኔ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ።

ነገሩ የጀመረው ቀዳም ሥዑር ዕለት ነው። እናቴ ቄጤማዋን በግንባሯ እንዳሰረች ገብስማውን አውራ ዶሮ ከጓሮ ይዛ መጣች። ከዚያ ቢላዋውን አዙራ በእጀታው በኩል ሰጠችኝ። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት። አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ ከሄድኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በእኛ ቤት ሴት ዶሮ አታርድም። ስለዚህ እማዬ በየበዓሉ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ትቆምና «ወንድም፣ እባክህ ይችን እረድልኝ» እያለች መንገደኛ ትለምን ነበር። ዘንድሮ ግን ልጇ መጥቷል። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች፤ ጎረቤቱም ቡና ሊጠጣ በሚመስል ሰበብ ግቢያችንን ሞልቶታል።

ዶሮውን ሁለት እግሩን ይዤ ተቀበልኳት። የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ዶሮውን ቁልቁል ገለበጠና ከደረቴ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞት ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ መንጠቆ እየፈለገ ነው።

የእህቴ ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ «አጎቴ፣ የት ልትሰቅለው ነው?» አለኝ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ዶሮውን አውርጄ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ ክንፉን በእግሬ ረገጥኩ፣ «በስመ አብ» ብዬ ጀመርኩ። «ወወልድ» ላይ ስደርስ ዶሮው በአንድ ዓይኑ አየኝ። ሌሊት ሌሊት የሚደነዝዙት ሁለቱ ጣቶቼ በጠራራ ፀሐይ ደነዘዙ። ቢላዋው ወደቀ። አንሥቼ ደግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነም።

እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዶሮውን አነሣችና ወደ በሩ ሄደች። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ግቢው መካከል ቆሜ፣ እናቴ ከበራችን ውጪ «ወንድም፣ እባክህ» ስትል ሰማሁ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ገባ። አረደ፣ ቢላዋውን በሣር ጠረገ፣ ወደ እኔ ተመለከተና «ዲያስፖራ ነው?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። እኔን አይደለም፣ እሷን። በሕይወቴ ብዙ ተዋርጃለሁ፤ አለቃ ጮኾብኛል፣ ቋንቋ አጥሮኝ እንደ ደንቆሮ ተቆጥሬያለሁ። ያችን ጥያቄ የሚያህል ግን አልገጠመኝም።

ለእናቴ ለዓመታት «ምግብ ማቀነባበሪያ ውስጥ እሠራለሁ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። እሷ ነጭ ጋውን ለብሼ ጠርሙስ የማገላብጥ አድርጋ ለዕድሯ አባላት አውርታልኛለች። እውነቱ ይህ ነው፦ ዲቪ ደርሶኝ በገባሁ በሦስተኛው ወር ከዋሽንግተን የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ አንዲት የቨርጂኒያ ከተማ ዶሮ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። «እንግሊዝኛ አይጠይቁም» ተብዬ ነው የሄድኩት። በእርግጥም አይጠይቁም፤ ዶሮ እንግሊዝኛ አይናገርም።

የተመደብኩበት ክፍል በቁማቸው የሚሰቀሉበት ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ሰማያዊ መብራት ብቻ ጭል ጭል ይላል። ዶሮ በጨለማ ስለሚረጋ እንጂ መብራት ለመቆጠብ እንዳይመስላችሁ። ከጭነት መኪና የተራገፉት ዶሮዎች በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ይመጡልሃል። ሁለት እግር ትይዛለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ከፊትህ በሚያልፈው የብረት መንጠቆ ላይ ታንጠለጥላለህ። ከዚያ ሌላ እግር። አንድ ሰው በደቂቃ 20 እና ከዚያም በላይ ይሰቅላል። መስመሩ ራሱ በደቂቃ 140 ዶሮ እንዲያሳልፍ የአገሩ ደንብ ይፈቅዳል፤ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ደግሞ 175 ያሳልፋሉ። ከእኛ በኋላ ጭንቅላታቸው ኤሌክትሪክ ባለበት ውኃ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ የሚሽከረከር ምላጭ ይጠብቃቸዋል። ምላጩ ለሳታቸው ብቻ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ይቆማል። በስመ አብ የለም፣ ቢስሚላህ የለም። ክንፋቸውን ሲያራግቡ ላባውና ኩሱ ፊትህ ላይ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ተተኪ እስኪገኝ ስንት ሰዓት እንደሚያዝ ባልናገር ይሻላል።

አንድ ሌሊት እዚያው ቆሜ ሒሳብ ሠራሁ። እናቴ ትዳር ከያዘች 50 ዓመት ገደማ ነው። በዓመት አራት ዶሮ ብንል፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ አንዷን ለእንግዳ፣ በሕይወቷ የሠራችው ዶሮ ወጥ 200 ዶሮ ነው። አሥራ ሁለት ብልት እያወጣች፣ በሎሚና በጨው እያጠበች፣ ሽንኩርቱ ላይ ግማሽ ቀን እያለቀሰች። 200 ዶሮ ለእኔ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያ ሒሳብ ከመብላት አላገደኝም። መጀመሪያ ዓመት ክንፍ ጠብሼ ስበላ ነው የኖርኩት። አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ በአምስት ዶላር ይገኛል፤ ከአንድ ሰዓት ደመወዜ ያነሰ ነው። አገር ቤት ለበዓል በጉጉት የምንጠብቀው ነገር ማክሰኞ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ብቻዬን የምግጠው አጥንት ሆነ። የሚገርመው ጣዕሙም ትዝ አይለኝም።

ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ከጎኔ የሚሰቅል የጓቲማላ ሰው፣ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ዶሮዎቹ ስንት ቀናቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ከክብደታቸው ተነሥቼ «ስምንት ወር» አልኩ። ሳቀ። «አርባ ሰባት ቀን» አለኝ። ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ዶሮ፣ በ47 ቀን! በኋላ እንዳነበብኩት በ1925 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ዶሮ ለገበያ ለመድረስ 112 ቀን ይፈጅባት ነበር፤ ያኔም ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ዝርያውን መርጠው መርጠው፣ መኖውን ቀምመው ቀምመው ደረቷን አሳበጡት፤ እግሯ ግን ጫጩት እንደነበረች ቀረ። ስይዛቸው ብዙዎቹ መቆም እንደማይችሉ አይ ነበር፤ ፈርተው ይመስለኝ ነበር።

ያ ንግግር የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። እኔ ጾሜን አላፈርስም፤ ፈረንጆቹ «ቪጋን ነህ?» ሲሉኝ «በዓመት ከ180 ቀን በላይ» እያልኩ አስደንቃቸዋለሁ። በዚያ ጾም ግን ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ዘወረደ ብዬ ጾም የያዝኩ ዕለት ከእንቁላል የወጣች ጫጩት፣ ኒቆዲሞስ ሳምንት ላይ አድጋ፣ ደልባ፣ እጄ ትገባለች። ሆሳዕናን አታይም። እኔ ሥጋ የማልበላበትን ጊዜ ያህል እንኳን ሳትኖር ማለት ነው። ጾሙ ሲፈታ እጄ ወደ ዶሮ አልሄደም።

በ14ኛው ወር ሥራውን ለቀቅኩ፤ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። ጣቶቼ ግን እዚያው ፋብሪካ ቀርተዋል።

አሜሪካኖቹን ማማት ቀላል ነው። ለውሻቸው ልደት ኬክ የሚቆርሱ ሰዎች ዶሮዋ ላባ እንዳላት የረሱ ይመስላሉ። አንድ ጊዜ በሰው የተላከልኝን የእናቴን ቋንጣ በሽታ ያስገባል ብለው አየር ማረፊያ ላይ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ የእነሱን ዶሮ ደግሞ በክሎሪን ይታጠባል ብለው አውሮፓውያን ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አያስገቡም። እማዬ ይህን ብትሰማ «ሎሚ የላቸውም?» ነበር የምትለው።

ግን እኛስ? ገበያ ቀን ስድስት ዶሮ በእግራቸው ታስረው ቁልቁል ተንጠልጥለው እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ሲሸጡ ማን ከንፈር መጠጠ? በግ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከጎሃ ጽዮን አዲስ አበባ ሲገባ «የፍየል ወጠጤ» እየዘፈንን ነው የምንቀበለው። ሥጋ ቤቱ ውስጥ አንዱ ጓደኛዬ «ይህ ሰንጋ እኮ ፋብሪካ አያውቅም፤ ሣር በልቶ በሜዳ የኖረ ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ መልስ አልነበረኝም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ እናቴ እንደምትበላው መብላት ነው፤ በበዓል ቀን፣ ግቢ ውስጥ የቆመውን። ለሰው የሚሰበክ ሕግ አይደለም፤ ቀዳዳውም ብዙ ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ከዚህ ያነሰ ነው፦ ሥጋ ቤቱ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ሥጋው ላይ ሳይሆን የተንጠለጠለበት መንጠቆ ላይ ነበር።

ጎረቤታችን ድርቆሽ ያስቀምጥበት በነበረው የቆርቆሮ ቤት አሁን 400 የእንቁላል ዶሮ ይዟል። ቦቫንስ የሚባለው ዝርያ ናቸው፣ በዓመት 300 ገደማ እንቁላል ይጥላሉ፤ የሐበሻ ዶሮ 60 ከሞላች ተመስገን ነው። የመኖ ዋጋ እያማረረ አስጎበኘኝ። ሴቶቹ ብቻ ተመርጠው እንደሚመጡለት ሲነግረኝ «ወንድሞቻቸውስ?» አልኩት። አስቦበት አያውቅም። የእንቁላል ዝርያ ወንድ ጫጩት ሥጋም እንቁላልም ስለማይሆን ባደጉት አገሮች በተፈለፈለ ዕለት ሲገደል እንደኖረ፣ ጀርመን ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን እንደከለከለች ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «አንተ እዚያ ሠልጥነሃል፤ የሥጋውን ዶሮ በስንት ቀን ያደርሱታል?» አለኝ።

«በ47 ቀን።»

ላስደነግጠው ነበር። ዓይኑ በራ። «እኔ እኮ ቄቦቹን የምገዛው በ45 ቀናቸው ነው! ገና እንቁላል ሳይጥሉ ስንት ወር እቀልባለሁ!» አለና ዝርያውን ከየት እንደሚያገኝ ይጠይቀኝ ጀመር። ልቆጣው አልቻልኩም። የባንክ ዕዳ አለበት፣ ሦስት ልጅ ያስተምራል፤ እኔም ለእናቴ ጣሪያ ያስቀየርኩት በዚያው ዶሮ ነው።

ሌላው ሁሉ ሲጠይቀኝ የሰነበተው ሥራ እንዳገኝለት ነው። ለእናንተም ለምትሄዱት የምለውን ልበል። ዶሮ ፋብሪካ አትግቡ አልልም፤ ኪራይ ይከፈላል። ግን የሚወስዳችሁን ሰው «የትኛው ክፍል?» ብላችሁ ጠይቁት። ማሸጊያው ብርድ ነው፣ ይቻላል። አጥንት መለያው አንጓ ይጨርሳል። መስቀያው በሰዓት ጥቂት ሳንቲም ስለሚጨምር አዲስ ሰው ያጓጓል፤ ያ ሳንቲም የጣታችሁ ዋጋ ነው። ጣታችሁ የደነዘዘ ዕለት በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ «ነገ ይሻለኛል» እያልኩ ነው እኔ ያለፈብኝ። ማታ ማታ ቋንቋ ተማሩ። እና ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ የሥራችሁን ስም አታሳምሩት፤ አንድ ቀን ቢላዋ ሰጥተው ያወጡባችኋል።

የፋሲካውን ዶሮ በልቻለሁ። ከቅዳሴ መልስ እማዬ ፈረሰኛውን አውጥታ እንጀራዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። የአባወራ ድርሻ ነው፤ ላላረደ አይገባም ብዬ ልመልስ ስል እጇን አነሣችብኝ። የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ይታገላል፣ ጥርስ ይፈልጋል። እያኘክሁ ሳለ ቀኝ እጄን ይዛ ሁለቱን ጣቶች ስትጫናቸው ነበር። «ይሰማሃል?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኩ። ስለ ሥራዬ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ ማታ ሻንጣዬን አሰናዳችልኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድጋሚ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ በሶ። ቋንጣ የለም። ጥግ ላይ በፌስታል ተደራርቦ የታሰረ ትንሽ ብልቃጥ አገኘሁና ከፈትኩት፤ ለጋ ቅቤ ነው። «ይህማ ለወጥ አይበቃም» ብዬ ቀለድኩባት።

«ለወጥ አይደለም» አለች፣ ዚፑን እየዘጋች። «ለጣትህ ነው። ማታ ማታ እሸው።»