የመንገድ ድካም ያልሆነው ድካም

ባለፈው ሐምሌ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ሜሪላንድ በሄድኩ ጊዜ፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሰዓት ከጠዋቱ 8፡00 ሲል የእጄ ሰዓት 9፡00 ይል ነበር። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ መስሎ ታየኝ፤ ነገር ግን እኛ ቀኑን ከንጋት፣ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥሩ ስድስቱ ሰዓት በአቆጣጠሩ ተሸፍኖ እንጂ፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከበረራው የማስታውሰው የመቀመጫውን ጥበት ነው።

በሁለተኛው ሌሊት፣ በእነርሱ 2 ሰዓት ላይ፣ ርቦኝ ነቃሁ። አገሬ ቁርስ የምበላበት ሰዓት ነበር። በወጥ ቤቱ ጨለማ የቀዘቀዘ ሽሮ በእንጀራ ስበላ ያገኘችኝ የእኅቴ ልጅ መብራቱን አብርታ፣ «አክስቴ፣ ጄት-ላግድ ሆነሻል» አለችኝ። ከጎኔ ተቀምጣ ቃሉን እንድትፈታልኝ ለመንኳት፤ እስኪነጋም አልተለየችኝም። ጄት አውሮፕላኑ ነው፤ ላግ ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ በመጨረሻ የምትሰማው ድምፅ ደግሞ ስሙን ወደ ቅጽል የምትለውጥ ምዕላድ ናት። አውሮፕላኑ ደርሷል፣ ሰውነት ግን ገና በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው። እኛ «የመንገድ ድካም» የምንለው ተኝተው ሲነሡ ይለቃል፤ ይህኛው ግን ስተኛም አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ቃሉን ወደድሁት።

ጄት ላግ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ ቅጽሉም ከዚያ ወጣ። ቀድሞ አትላንቲክን በመርከብ የሚሻገር መንገደኛ ሰዓቱን በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እያስተካከለ ስለሚሄድ፣ ሰውነቱ አብሮት ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካው አየር መንገድ ፓን አም ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ በቦይንግ 707 ጄት መብረር ከጀመረ በኋላ ግን፣ የቀናቱ ጉዞ በሰዓታት ተጠናቀቀ፤ ለአዲሱ ሕመምም አዲስ ስም አስፈለገ።

ሜሪላንድን በአምስተኛው ቀን ለመድሁት። መመለሱ ግን ባሰብኝ። የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም፣ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ቀኑን ማስረዘም፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ከማሳጠሩ ይቀላል። አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ሌሊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኪዳን ደወል ሲደወል ዓይኔ አልተከደነም ነበር፤ እኅቴ ቤት ገና፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ከምሽቱ 10 ሰዓት ነው።